ቆሞ የሚበላው ዳኛ፦ በማድሪድ ጥሩ የታፓስ ቤት ፍለጋ

ከማድሪድ እምብርት፣ ከፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ፣ ቴቱዋን በምትባል አጭር መንገድ ላይ ካሳ ላብራ የሚባል አሮጌ ቤት አለ። ፊቱ በጠቆረ እንጨት የተለበጠ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ (ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቶቹ ግን በአውሮፓውያን) ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ይወጣል። አዲስ ገቢን የሚያደናግረው ሰልፉ ሁለት መሆኑ ነው፤ አንዱ ለሚበላው፣ ሌላው ለሚጠጣው። አብዛኛው ሰው የሚሰለፍለት ምግብ ከሁለት ነገር አይዘልም፤ ሊጥ ለብሶ የተጠበሰ የኮድ ዓሣ ቁራጭ፣ አለዚያም በዚያው ዓሣ የተሠራ ክሮኬታ። ሒሳቡ እዚያው ይከፈላል፤ ዓሣውን በትንሽ ሳህን ተቀብሎ ወደ ባንኮኒው መዞርና አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ድራፍት ወይም ቨርሙት ማዘዝ ነው። ዓሣው በእጅ ይበላል። ቅርፊቱ ሲነከስ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ ነጭና ርጥብ ሆኖ በንብርብር በንብርብሩ ይላቀቃል፣ ጣት ላይ የቀረው ዘይት በሶፍት ይጠረጋል። ብዙም ሳይቆይ ቦታው ለሌላ ይለቀቃል። ቤቱ የተከፈተው በ1860 ነው። በ1879 ፓብሎ ኢግሌሲያስ የተባለ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር በድብቅ ተሰብስቦ የስፔንን ሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ የመሠረተው እዚሁ ነው። ዛሬ የሚሰለፈው ሰው ግን ሶሻሊስት ሆነም አልሆነ የመጣው ለዓሣው ነው።

ማድሪድ የገባ እንግዳ ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ "ጥሩ የታፓስ ምግብ ቤት የትኛው ነው?" የሚል ነው። ችግሩ ከጥያቄው ይጀምራል። ምግብ ቤት የሚመረጠው ለአንድ ሙሉ ማዕድ ነው። ወንበር ይዞ ከተቀመጠ፣ ካዘዘና ሳህኑ ከቀረበለት በኋላ ምግቡ ስላልጣመው ብቻ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ የጠበቀው ሰዓትም ያሳዝነዋል። ታፓስ ግን ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ ጥቂት ነገር ነው። ልማዱም አንድ ቤት አንድ ነገር ቀምሶ፣ ሒሳብ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ደንበኛው ካፖርቱን ሳያወልቅ ባንኮኒ ተደግፎ ይቆማል። ካልጣመው የሚከስረው የአንድ ብርጭቆና የአንድ ቁራጭ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛ አያዝም፣ ጎረቤት ያለው ቤት በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። የታፓስ ቤት እንግዲህ በየሳህኑ አዲስ ፈተና ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሳል፤ ታፓስን ጥሩ አድርገው የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በላተኛው በፈለገው ደቂቃ ትቶ የመሄድ ነፃነቱ፣ ከዚያም ነገ ከነገ ወዲያ ተመልሶ የመምጣት ልማዱ። ሁለቱ በተገናኙበት ሰፈር ጥሩ ቤት አይጠፋም። አንዱ በጎደለበት ግን ቤቱ ቢያምር፣ ስሙ ቢገን ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ሁለቱም የግድ ያስፈልጋሉ ወይ ለሚል፣ መልሱ ከፕላሳ ማዮር አደባባይ አጠገብ በብረትና በመስታወት ተሠርቶ ቆሟል። የሳን ሚጌል ገበያ በ1916 የተጠናቀቀ፣ ለዓይን የሚማርክ ሕንፃ ነው። የሰፈሩ ሰው ሥጋና አትክልት የሚሸምትበት ነበር፤ በ2009 ታድሶ ሲከፈት ግን ባንኮኒዎች የተደረደሩበት የመብያ አዳራሽ ሆነ። የመጀመሪያው ነገር፣ ማለትም ትቶ የመሄድ ነፃነት፣ እዚያ ሞልቶ ተርፏል፤ ከአንዱ ባንኮኒ ወደ ሌላው ሦስት እርምጃ ነው። የጎደለው ሁለተኛው ነው። ከሚገባው ሰው አብዛኛው ጎብኚ ነውና ዛሬ ቀምሶ ነገ አውሮፕላን ይሳፈራል። ሻጩ ዛሬ ቢያስከፋው ነገ የሚቀርበት ደንበኛ የለም፤ በምትኩ ሌላ አዲስ ሰው ይመጣል። እዚያ የሚበላ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ጥሩ ወይራና ጥሩ አይብ ሊገኝ ይችላል። ሆኖም ለዚያው ነገር የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ጥራቱንም የሚቆጣጠር አንደበት የለም። የፕላሳ ማዮር በረንዳዎችም ነገር ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሰው እዚያ ወንበር ስለሚይዝ የመሄድ ነፃነቱንም ጭምር ያጣል። በስፔን ያው ድራፍትና ያው ሳህን በባንኮኒ፣ በውስጥ ጠረጴዛና በውጭ በረንዳ የተለያየ ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል። በረንዳ ላይ የሚከፈለው ጭማሪ የአደባባዩ ኪራይ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው አልተታለለም፤ የምግቡ ዋጋ ነው ብሎ ያሰበ ግን ተታሏል።

ነፃነቱና ልማዱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን ያስከትላሉ? ቤቶች አንድ አንድ ነገር ይዘው ይለያሉ። የአዲስ አበባ ሰው ለክትፎ ክትፎ ቤት፣ ለጥሬ ሥጋ ሥጋ ቤት፣ ለጠጅ ጠጅ ቤት እንደሚል ሁሉ የማድሪድ ሰውም ምሽቱን በየቤቱ ይከፋፍለዋል። ከካሳ ላብራ ብዙም ሳይርቅ በቪክቶሪያ መንገድ ላይ ያለው ላ ካሳ ዴል አቡዌሎ በ1906 የተከፈተ ሲሆን የሚታወቀው በነጭ ሽንኩርት በሚጠበስ ሽሪምፕና ከእሱ ጋር በሚቀርብ ጣፋጭ ቀይ ወይን ነው። ቤቱ ራሱ እንደሚተርከው መጀመሪያ ሳንድዊች ይሸጥ ነበር፤ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ዱቄት ሲጠፋ ነው ወደ ሽሪምፕ የዞረው። ማላሳኛ በሚባለው ሰፈር ያለው ቦዴጋ ዴ ላ አርዶሳ ደግሞ የ1892 ቤት ነው፤ ሰው የሚሄድለት ለድንች በእንቁላሉ፣ ለቶርቲያው ነው። ወደ ጓዳው ክፍል ማለፍ የፈለገ ደንበኛ በባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብሎ ይሾልካል፤ ቤቱን ለማስፋት ብሎ ይህን የነካ የለም። ዶካማር ከመሐል ከተማ ወጣ ብሎ ኪንታና ሰፈር ውስጥ ከ1963 ጀምሮ ድንች ይጠብሳል። ድንቹ ላይ የሚፈሰው ቀይ የሚያቃጥል ስጎ ቲማቲም ይኑረው አይኑረው የሚለው ክርክር በማድሪድ የቤተሰብ ጠብ ያስነሳል ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ከእነዚህ ቤቶች አንዱም ለብቻው ሙሉ እራት አይሆንም፤ እንዲሆንም አልታሰበም። "ምርጡ የታፓስ ቤት" የሚባል የሌለው ለዚህ ነው፤ ያለው ምርጥ ሽሪምፕ፣ ምርጥ ቶርቲያ፣ ምርጥ ድንች ነው። ፈላጊው ከቤት ይልቅ ሳህንን ቢያስቀድም ድካሙ በግማሽ ይቀላል።

የአንድ ነገር ቤት ለምን የተሻለ እንደሚያበስል ለመረዳት ወደ ወጥ ቤቱ መግባት ይሻላል። ሽሪምፑን እንውሰድ። ትንሽ የሸክላ ጣባ ላይ የወይራ ዘይት ይፈስሳል፤ በስሱ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ደረቅ ቃሪያ ይገባበታል። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቅማ መሆን ሲጀምር ሽሪምፑ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሰኮንድ የሚቆጠር ነው። ትንሽ ከቆየ እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ሸክላው ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላም ሙቀቱን ስለሚይዝ ዘይቱ ደንበኛው ፊት ደርሶም ይፍለቀለቃል፤ አብሳዩ ይህንንም አስልቶ ትንሽ ቀደም ብሎ ማንሳት አለበት። ይህን ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ኋላ አሙቆ ማቅረብ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ሽሪምፕ ብቻ የሚያወርድ እጅ ጊዜውን ሳያስብ ያውቀዋል፤ አርባ ዓይነት ምግብ ሜኑው ላይ የጻፈ ቤት ግን ሽሪምፑ የሚታዘዘው አልፎ አልፎ ነው፤ አብሳዩም በየጊዜው እንደ አዲስ ይገምታል። መጥበሻውም ይመሰክራል። ብዙ የሚጠብስ ቤት ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል ብሎ መገመት ይቻላል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ አፍንጫን የመሰለ ዳኛ የለም። ከበሩ ላይ የከረመ ዘይት የሚሸት ከሆነ ሜኑውን ማንበብም አያስፈልግ።

ክሮኬታ ከሁሉ በላይ ቤቱን ያጋልጣል። ዱቄት በቅቤ ወይም በዘይት ይታመሳል፣ ወተት በጥቂት በጥቂቱ እየገባ ረዘም ላለ ጊዜ ይማሰላል፤ ዓሣው ወይም ሥጋው ይጨመርና ድብልቁ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያድራል። በማግስቱ በእጅ ይድቦለቦላል፣ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ይለብሳል፣ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። በትክክል የተሠራ እንደሆነ ውጩ ቀጭንና ደረቅ፣ ውስጡ እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው፤ ሲቆረስ ሊፈስ ይቃጣዋል። ይህ ሁሉ ጉልበት ለሁለት ጉርሻ ነው። ጉልበቱን መክፈል ያልፈለገ ቤት ከፋብሪካ የመጣውን የበረዶ ክሮኬታ ዘይት ውስጥ ይጨምራል፤ ዓይን ለለመደ ሰው ልዩነቱ ከሩቅ ይለያል፣ ምክንያቱም የፋብሪካው ሁሉም እኩል ነው፣ በእጅ የተሠራው ግን አንዱ ረዘም፣ አንዱ ወፈር ይላል። ቶርቲያም እንዲሁ ይናገራል። ድንቹ በብዙ ዘይት ቀስ ብሎ ከበሰለ በኋላ ከእንቁላል ጋር ተደባልቆ ይጋገራል፤ ሽንኩርት ይግባ አይግባ የሚለው ሌላ የማያልቅ ሙግት ነው። ዋናው ግን መቼ እንደተጋገረ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ባንኮኒው ላይ ግማሹ ተቆርጦ የተሸጠ፣ ገና እንፋሎቱ ያልለቀቀው ቶርቲያ ካለ ቤቱ ይሠራል ማለት ነው። በመስታወት ሥር ጠርዙ ደርቆ የተኮማተረ ቶርቲያ ካለ ግን ማንም አልፈለገውም፤ የሰፈሩ ሰው ፍርዱን ሰጥቷል።

ገና ሳይታዘዝ የሚመጣውም ነገር ትርጉም አለው። በማድሪድ ብዙ ቤቶች ከድራፍቱ ጋር ጥቂት ወይራ፣ ድንች ቺፕስ ወይም ትንሽ ቁራጭ ዳቦ ላይ የተቀመጠ ነገር በነፃ ያቀርባሉ። ባለቤቱ የማያስከፍልበትን ነገር እንዴት እንደመረጠው ማየት የሚያስከፍልበትን እንዴት እንደሚይዘው ይጠቁማል። በግራናዳ፣ በሃኤንና በሌዮን ልማዱ ከዚህም ያልፋል፤ እያንዳንዱ መጠጥ የራሱን ምግብ በነፃ ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ይቀርባል። ይህ ከላይ የተባለውን የአንድ ነገር ቤት ሐሳብ የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል፤ በግራናዳ መራጩ ቤቱ እንጂ በላተኛው አይደለምና። ግን ጠለቅ ብሎ ላየው ያንኑ ክርክር ያጠናክራል። የመጠጡ ዋጋ በየቤቱ ተቀራራቢ በሆነበት ከተማ ደንበኛው ቤት የሚለየው በነፃው ሳህን ነው፤ ያ ሳህን የወረደ ቀን ደንበኛው ከጎረቤት ይገኛል።

ስለ ሰዓቱ ካልተነገረ ግን ይህ ሁሉ ምክር መና ይቀራል። በማድሪድ ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ብዙም አይበላም፤ እራትም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ስፔን በመልክዓ ምድር አቀማመጧ ከለንደን ጋር አንድ ሰዓት ሊኖራት ሲገባ፣ በ1940 በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ሰዓቷን ከመካከለኛው አውሮፓ ጋር አስተካከለችና በዚያው ቀረች። በሰኔ ማድሪድ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፤ የምግቡ ሰዓትም ከፀሐይዋ ጋር ወደ ኋላ ተገፍቷል። ታፓስ የሚበላው ከእነዚህ ሁለት ማዕዶች በፊት ባለው ክፍተት ነው፤ ከቀኑ 7 እስከ 9፣ ከዚያም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። በመሐሉ ብዙ ወጥ ቤቶች እሳት ያጠፋሉ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ርቦት የገባ እንግዳ የሚያገኘው ከጠዋት የተረፈውን ወይም ለእሱ ብቻ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነውን ቤት ነው። በር ላይ የምግብ ፎቶ ደርድሮ ሌሊትና ቀን ፓኤያ የሚያቀርብ ቤት ካለ ማለፍ ነው። ፓኤያ የባሌንሲያ የምሳ ሩዝ ነው፤ ሲታዘዝ ተጥዶ ጊዜውን ጠብቆ ይበስላል እንጂ ለአንድ ሰው በአምስት ደቂቃ አይደርስም። በአንጻሩ እሑድ ቀን፣ የኤል ራስትሮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲበተን፣ በላ ላቲና ሰፈር ካባ ባሃ መንገድ ላይ ያለውን ሕዝብ ላየ ሰው ሌላ መረጃ አያስፈልገውም። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ በርሜል ከብበው ይቆማሉ። ጎብኚውም በመካከላቸው አለ፤ ግን በዚያ ሰዓት ፍርድ የሚሰጠው የከተማው ሰው ነው፤ እንግዳው በእነሱ ፍርድ ተጠልሎ ይበላል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። "ዛሬ ስልክ አለ፤ ሺህ ሰው የሰጠውን ኮከብ ደምሮ የሚያሳይ ካርታ እያለ ሽታና የክሮኬታ ቅርጽ መመርመር ለምን አስፈለገ?" የሚል። የብዙ ሰው አስተያየት ዋጋ እንዳለው አይካድም፤ ጭራሽ የወደቀ ቤትን ይለያል። ድክመቱ ግን ማን እንደሚጽፍ ሲታይ ይገለጣል። በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ሰፈሩ ቤት ብቅ የሚል ሽማግሌ ስለ ድራፍቱ ግምገማ አይጽፍም፤ ፍርዱን የሚገልጸው ተመልሶ በመምጣት ነው። የሚጽፈው አንዴ ያለፈው ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የሚያደንቀው የመስተንግዶውን ፈገግታ፣ የሳህኑን መጠን፣ የጠረጴዛውን ምቾት ነው። በዚህ መለኪያ በኤቼጋራይ መንገድ ያለው ላ ቤኔንሲያ ክፉኛ መውደቅ ነበረበት። ከአንዳሉሲያ ከሚመጣው የሼሪ ወይን ሌላ የአልኮል መጠጥ አይሸጥም፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ጉርሻ አይቀበልም፣ ሒሳቡን ባንኮኒው እንጨት ላይ በጠመኔ ይጽፋል። የጉርሻው ክልከላ ሠራተኛ እጁን አይዘረጋም ከሚለው የስፔን ሪፐብሊክ ዘመን አስተሳሰብ የወረደ ነው ይባላል። ቤቱ አሁንም ይሞላል። ኮከቡ የሚለካው የአንድ ቀን ስሜት ነው፤ የዓመታት ልማድ አይለካበትም። በዚያ ላይ ዝርዝሩ ላይ አናት የወጣ ቤት ወዲያው አንዴ ብቻ በሚመጡ ደንበኞች ይጥለቀለቃል፤ ያኔ ጥሩ ያደረገው ሰው ቦታ አጥቶ ይሄዳል። ስልኩን ሰፈር ለመምረጥ መጠቀም አይከፋም። በሩን ለመምረጥ ግን ዓይንና አፍንጫ ይበልጡታል።

ከዚህ የባሰው ተቃውሞ በራሱ በክርክሩ ላይ ይመለሳል፦ ካሳ ላብራም ሆነ ላ ካሳ ዴል አቡዌሎ ዛሬ በጎብኚ የተሞሉ አይደሉም ወይ? ናቸው። ታዲያ ተመላሽ ደንበኛ ከሌለ ጥራቱ ይወርዳል የተባለው እዚህ ለምን አልሠራም? መልሱ ግማሽ ነው። አንደኛ፣ የማድሪድ ሰው ከእነዚህ ቤቶች ጨርሶ አልወጣም፤ በተለይ በምሳ ሰዓት አካባቢ ከመሥሪያ ቤት ብቅ የሚለው አሁንም ይታያል። ሁለተኛ፣ ካሳ ላብራን ብንወስድ፣ ቤቱ ከአንድ ዓሣ ሌላ የሚደበቅበት ነገር የለውም፤ ዓሣው ከከፋ ስሙም ቤቱም አብረው ይጠፋሉ። ሰልፉም ራሱ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ከመጥበሻው የወጣ ቁራጭ ሳይቀዘቅዝ ይሸጣል። ይህ ግን ለዘላለም ዋስትና አይደለም። ከአሮጌ ቤቶች መካከል ስማቸውን እየበሉ የሚኖሩ አሉ፤ የምሥረታ ዓመት በር ላይ መጻፉ ቤቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይናገራል እንጂ ዛሬ ጠዋት ምን እንደተጠበሰ አይናገርም። ጥርጣሬ ሲመጣ መፍትሔው ከራሱ ከልማዱ አለ፤ አንድ ነገር ብቻ አዝዞ፣ ቀምሶ፣ ካልሆነ መውጣት።

"ትልልቅ ሼፎች ታፓስን ወደ ጠረጴዛ አምጥተው ከፍ አላደረጉትም ወይ?" የሚልም አለ። አልቤርት አድሪያ ከወንድሙ ከፌራን ጋር በ2011 ባርሴሎና ውስጥ የከፈተው ቲኬትስ ዓለም ያወቀው ቤት ነበር፤ ቦታ የሚያዘው በኢንተርኔት ከሳምንታት በፊት ነበር፣ የሚሽላን ኮከብም አግኝቷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ተዘግቶ ሳይከፈት ቀረ። እንዲህ ያለው ቤት ያበስል የነበረው ድንቅ ምግብ እንደሆነ የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከሳምንታት በፊት ቦታ ይዞ፣ ለሰዓታት ተቀምጦ፣ ሼፉ የደረደረውን ተራ በተራ የሚበላ ሰው ትቶ የመሄድ ነፃነቱን አስቀድሞ አስረክቧል። የሚበላው በትንንሽ ሳህን የቀረበ የምግብ ቤት ማዕድ ነው። ያ ደስ የሚለው ሰው ይደሰትበት፤ የሚፈርድበት መለኪያ ግን የምግብ ቤት መለኪያ መሆን አለበት።

የአማርኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያነሳው ሌላ ጥያቄ ይኖራል፤ የአሳማው ነገር። የስፔን ባንኮኒ ጣሪያው ላይ የአሳማ ጭን ሰቅሎ ነው የሚቀበለው። ለሚበሉት፣ ከ2014 ጀምሮ ሕጉ በየኢቤሪያ አሳማ ጭኑ ላይ ከአራት ቀለማት የአንዱ ምልክት እንዲታሰር ያዛል፤ ጥቁሩ ንጹሕ የኢቤሪያ ዝርያ ሆኖ የባሉጥ ፍሬ በልቶ ያደገው ነው፣ ነጩ በበረት በመኖ ያደገው። ለማይበሉት ግን አስቸጋሪው የተሰቀለው ሳይሆን የማይታየው ነው። ክሮኬታ ብዙ ጊዜ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፤ "ሥጋ የለውም ወይ?" ለሚል ጥያቄ "የለውም" ብሎ፣ ሥጋ ሲባል ትልቅ ቁራጭ ብቻ የሚመስለው አስተናጋጅም ያጋጥማል። ጥያቄው በስሙ "አሳማ አለው ወይ?" ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል። ከአሳማ ውጭ ያለው ግን ሰፊ ነው፦ ሽሪምፑ፣ ቶርቲያው፣ በአቼቶ የተዘፈዘፈው አንቾቪ፣ ጨው የተነሰነሰበት የፓድሮን ቃሪያ፣ የሴቪያ ስፒናች በሽምብራ፣ የማንቼጎ አይብ። የካሳ ላብራ ዓሣም አለ። ከባሕር የራቀችው ማድሪድ ኮድ ዓሣ የለመደችው በጨው የደረቀው ሳይበላሽ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጾም ሥጋ በሚከለክልባቸው ቀናት ሕዝቡ ዓሣ ስለሚፈልግ ነው። ጾም የፈጠረው ሳህን ነው ማለት ይቻላል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የእኛን ክርክር ግን አይፈታም። በጥብቅ ለሚጾም ድንቹ፣ ቃሪያውና ወይራው ይቀራሉ፤ ድንቹ ላይ ማዮኔዝ እንዳይደረግ አስቀድሞ መናገር ነው።

ማድሪድ መሄድ የማይችለውስ? ሰው መራመድ በማይችልበት፣ ከአንዱ ባር ሌላው በመኪና ሩብ ሰዓት በሚርቅበት ከተማ ልማዱ ሳይሰበር አይቀርም፤ አንድ ቤት የአንድ ሙሉ መንገድ ሥራ ይጫንበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን በ1993 የተከፈተውና ሆሴ አንድሬስ የተባለ ሼፍ ወጥ ቤቱን የመራው ሃሌዮ አሜሪካውያንን ከታፓስ ጋር ካስተዋወቁት ቤቶች አንዱ ነው፤ ሜኑው ረጅም ነው፣ ሊረዝምም ግድ ነው። በ2007 ለንደን ሶሆ ውስጥ የተከፈተው ባራፊና ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ የባርሴሎናውን ካል ፔፕ አርአያ አድርጎ ባንኮኒና ጥቂት ወንበር ብቻ ይዞ፣ ቦታ ሳያስይዝ ያስተናግድ ጀመር፤ አብሳዩ በላተኛው ፊት ይሠራል። በእነዚህ ከተሞች ፈላጊው ማድሪድን በከፊል መልሶ መገንባት ይችላል። ባንኮኒ ያለበትን ቤት መርጦ ባንኮኒው ላይ መቀመጥ፣ ሜኑውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማዘዝ ይልቅ ሁለት ሳህን አዝዞ እስኪመጣ መጠበቅ። አስተናጋጁ "ሁሉንም አሁን ብታዙ ወጥ ቤቱ ይቀለዋል" ሊል ይችላል፤ ይቀለዋልም። ለበላተኛው ግን ሁለቱ ሳህኖች ካልጣሙ ሦስተኛውን አለማዘዝ ይቻላል፤ ሒሳብ ተዘግቶም ሌላ ቦታ እራት ይበላል። ጉልበቱ ወይም ዕድሜው ለመቆም የማይፈቅድለትም ሰው በማድሪድ ይህንኑ ቢያደርግ ብዙ አያጣም፤ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲደርስ በባንኮኒው ጥግ ያሉት ረጃጅም ወንበሮች ብዙ ጊዜ ገና አልተያዙም።